ለፎርክሊፍታችን የገዛሁት የጥገና ማንዋል፣ ከ9 ወር በኋላ

ቃሊቲ ባለው መጋዘናችን ያለን ፎርክሊፍት አንድ ብቻ ነው። ቶዮታ 7ኤፍዲ25፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ 2.5 ቶን የሚያነሳ። ጃፓን ሲሠራ ቆይቶ የመጣ ነው፤ አብሮት አንድም ወረቀት አልመጣም። እሱ ሲቆም ጭነቱ ሁሉ ወደ ሰው ትከሻ ይዞራል።

ማንዋል ፍለጋ ያስወጣኝ ማስቱ፣ ማለትም ሹካዎቹ የሚወጡበትና የሚወርዱበት የፊት ምሰሶ ነው። በዚህ ሞዴል የማጋደያው ማንሻ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። እሷን ተጭነው ማስቱን ወደፊት ሲያጋድሉት፣ ሹካዎቹ ከወለሉ ጋር ሲስተካከሉ ራሱ ይቆማል። የኛ አልፎ ይሄድ ነበር። አንዱ መካኒክ ፖምፓው ነው አለ፤ ፖምፓው ተፈታ። ሌላው ሴንሰሩ ነው አለ፤ ሴንሰሩ ተቀየረ። ለውጥ የለም።

የመጀመሪያውን ማንዋል ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልኝ። ስከፍተው የ7ኤፍዲ ነው፤ ሞተሩ ግን የኛ አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሥዕል ደብዝዞ ቁጥሩ አይነበብም። ሻጩ ገንዘቡን አልመለሰም፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። እባካችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑ ላይ በተለጠፈው የሞዴል ታርጋ ያለውን ሙሉ ሞዴል ገልብጡ። ከ7ኤፍዲ25 በፊት ሁለት አሃዝ ካለ እሱንም። የሻንሲ ቁጥሩንም ጨምሩ። የሞተሩን ስም ደግሞ እዩ፤ የኛ 1ዲዜድ-2 ነው፣ አራት ሲሊንደር። አንድ ሞዴል ከተለያየ ሞተር ጋር ይመጣል።

ሁለተኛው ግዢ ተሳካ። ሦስት መጽሐፍ ነው፦ የሻንሲው ጥገና፣ የሞተሩ ጥገና፣ የመለዋወጫ ካታሎግ። የሞተሩ ለብቻው መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የሻንሲውን ብቻ የገዛ ሰው ሞተር ለመፍታት ምንም አያገኝበትም።

የማስቱ ነገር በአንድ ከሰዓት አለቀ። የማጋደያው ሴንሰር ከተቀየረ በኋላ ከፎርክሊፍቱ ኮምፒውተር ጋር ማናበብ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። አዲሱ ሴንሰር ደህና ነበር፤ ያናበበው ሰው አልነበረም። ያን ቀን ለፖምፓው የከፈልነውን እያሰብኩ በጣም አዘንኩ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ነው የምንከፍተው። ሰርቪሱ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፦ 170፣ 500፣ 1000 እና 2000 ሰዓት፣ ወይም 1፣ 3፣ 6 እና 12 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው። እኛ በፊት ዘይቱ ሲጠቁር ነበር የምንቀይረው። ሹካዎቹን የሚያነሳውን ሰንሰለትም መለካት ጀመርን። አዲስ ሳለ 1 ሜትር የነበረው ክፍል 1 ሜትር ከ3 ሳንቲም ከደረሰ ይጣላል። ሹካ ተረከዙ ላይ፣ ማለትም የሚታጠፍበት ቦታ፣ 10 በመቶ ከሳሳ እንደዚያው፤ 40 ሚሊ የነበረው 36 ሲሆን ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የመሸከም አቅሙ በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከሥሩ ሰው እንደሚያልፍ ማሰብ ነው።

ዋጋውን ቶሎ የመለሰልኝ ግን ካታሎጉ ነው። ድሮ አሮጌውን ፊልትሮ በፌስታል ይዤ ሶማሌ ተራ እዞር ነበር፤ “ይሄ ይሆናል” ተብሎ የመጣው ሁለቴ አልገጠመም። አሁን ቁጥሩን ይዤ እሄዳለሁ። የቶዮታ ፎርክሊፍት ዕቃ ቁጥር ብዙውን ጊዜ መጨረሻው 71 ነው፤ ያ ከሌለ ለመኪና የሚሆነውን እንዳይሰጡኝ ደግሜ እጠይቃለሁ።

የሚጎድለው ቋንቋው ነው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ሾፌራችን ደግሞ አያነበውም። ስለዚህ የየቀኑን ፍተሻ በአማርኛ ጽፌ መቀመጫው አጠገብ ለጠፍኩለት። ባለፈው ሳየው ከሥሩ በራሱ እጅ አንድ መስመር ጨምሯል፦ “ጎማ ላይ የፓሌት ሚስማር እንዳይኖር ማየት።”