ማስጠንቀቂያ፦ «ለአንድ እጅ መብራት ስድስት እጅ ሙቀት» ተብላችሁ የገንዳ ማሞቂያ እንዳትገዙ

የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ ለማስገባት ቀብድ ልትከፍሉ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ነገሩ የገባኝ ከፍዬ፣ ፈርሜ፣ ማሽኑም ተተክሎ ካለቀ በኋላ ነው።

ገንዳው ግቢያችን ውስጥ ድሮም ነበር። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 4፣ ጥልቀቱ በአማካይ 1.5 ሜትር ነው፤ 48 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢንቀሳቀሱ እንደሚሻላቸው ሐኪማቸው ስለነገሯቸው ለማሞቅ ወሰንን። የመጣው ሻጭ ገንዳውን በዓይኑ ገመተ እንጂ ሜትር እንኳ አላወጣም። ሂት ፓምፕ የሚባለውን ማሽን ካታሎግ ዘረጋና «ለሚከፍሉት አንድ እጅ መብራት ስድስት እጅ ሙቀት ይመልስልዎታል፤ ውሃው በሦስት ቀን 28 ዲግሪ ይገባል» አለኝ። ስለ ገንዳ ሽፋን ስጠይቀው «ወጪ አያብዙ፣ ይሄ ማሽን ሽፋን አያስፈልገውም» አለ። ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ይህ ምክሩ ነው።

ውሃው ሲጀመር 18 ዲግሪ ነበር። በሦስተኛው ቀን 20 ሆነ። በአሥረኛው ቀን 21 ደረሰና እዚያው ቆመ። ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ማሽኑ አንሶዎታል፣ ሁለተኛ ይጨምሩ» የሚል ነበር።

ስድስት እጅ የምትለው ቁጥር ፈጠራ አይደለችም፤ ግን ለእኛ ሁኔታ የተለካች አይደለችም። ሂት ፓምፕ ሙቀቱን የሚያመጣው ከአየር ነው፤ መብራቱ የሚጠፋው ኮምፕሬሰሩንና ማራገቢያውን ለማዞር ነው። ስለዚህ አየሩ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ሙቀትም ይቀንሳል። በካታሎግ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ አየሩ 26 ወይም 27 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ሆኖ የተለካ ነው። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ሌላ መስመር ታገኛላችሁ፦ አየር 15 ዲግሪ። የእኔ ማሽን ላይኛው መስመር ላይ 9 ኪሎዋት፣ ታችኛው ላይ 6 ኪሎዋት ይላል። ኢንቨርተር ያላቸው (ፍጥነታቸውን እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀያይሩ) ማሽኖች ላይ ደግሞ ያ ትልቁ ቁጥር የሚገኘው ማሽኑ በዝግታ ሲሠራ ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይወርዳል። ማሞቂያ የሚያስፈልገን አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ልትጠይቁ የሚገባው ስለ ታችኛው መስመር ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ማንም ሰው በስልኩ ሊሠራው ይችላል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስፈልጋል። የእኔን 48 ሜትር ኪዩብ በ10 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 557 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። በ6 ኪሎዋት ሲካፈል 93 ሰዓት ይመጣል። ይህም ማሽኑ ሌት ተቀን ሳያርፍ ቢሠራና ከውሃው ምንም ሙቀት ባይጠፋ ነው። ሰዎቹ ግን የማጣሪያውን ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ሞልተውት ነው የሄዱት። ፓምፑ ሲቆም ውሃ ስለማያልፍ ማሞቂያውም ይቆማል። ስለዚህ በቀን የማገኘው 48 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ውሃውን አንድ ዲግሪ እንኳ አያሞቅም።

የሚጠፋውንም አስቡት። ክፍት ገንዳ ሙቀቱን በዋናነት የሚያጣው በትነት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነፋስ ባለበት ቀን የገንዳዬ ውሃ በአንድ ቀን 5 ሚሊሜትር ሲጎድል በማስመሪያ ለክቻለሁ። በ32 ካሬ ሜትር ስፋት 160 ሊትር ማለት ነው፤ ከ100 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ወደ ሰማይ ሄደ። 48 አስገብቼ ከ100 በላይ እያስወጣሁ፣ ፀሐይ ባታግዘኝ ኖሮ 21ንም ባላየሁ ነበር። ሁለተኛ ማሽን ብገዛ ደግሞ ሁለት ማሽን ሰማዩን ያሞቁልኝ ነበር።

የተፈታው እንዲህ ነው። ሌላ ባለሙያ አስመጣሁ፤ መጀመሪያ ያየው የማሽኑን አቀማመጥ ነበር። ጥግ ላይ፣ ከጣሪያ ሥር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ተክለውታል። ያቀዘቀዘውን አየር ግድግዳው ይመልስለትና ራሱ መልሶ ይስበዋል። አውጥቶ ክፍት ቦታ አዞረው። ተንሳፋፊውን ባለ አረፋ ፕላስቲክ ሽፋን ገዛሁ፤ ፓምፑን በቀን 20 ሰዓት አደረግነው። በሳምንቱ ውሃው 27 ዲግሪ ገባ፤ ያው ማሽን ነው። (ልጆች ያላችሁ፣ ያ ሽፋን ሰው አይሸከምም። ልጅ ረግጦት ቢገባ ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል፤ አጥርና ቁልፍ አይተካም።)

ከማሽኑ ጋር በአንድ ጥቅል የሸጡልኝ ስፓ ደግሞ የባሰ ነው። ብዙዎቻችን ጃኩዚ የምንለው ነው፤ 1,500 ሊትር ይይዛል፣ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ አለው። «በሁለት ሰዓት ዝግጁ ነው» ብለውኝ ነበር። ከ15 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከ13 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ይህንንስ በትዕግሥት ይዤው ነበር። በሰባተኛው ወር ግን የማሞቂያው ኤለመንት ተበላ። ዋስትናው ሁለት ዓመት ስለሆነ ስደውል «የየሳምንቱን የፒኤች መዝገብ ያምጡ» አሉኝ፤ ፒኤች የውሃው አሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ እንደሚያስፈልግ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የዋስትናው ወረቀት ጀርባ ላይ ግን በውሃ ኬሚካል የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም ይላል። ለዚያ ስፓ የሸጡልኝ በዝግታ የሚሟሟው የክሎሪን ኪኒን ኃይለኛ አሲድ ያለው መሆኑን፣ በትንሽ ውሃ ውስጥ ፒኤቹን እያወረደ ብረት እንደሚበላ በኋላ ነው ያወቅኩት። ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት፤ በስፓ ውስጥ ክሎሪኑ በሊትር ከ3 ሚሊግራም እንዳያንስ። መመርመሪያ ወረቀቱን ከስፓው ጋር ግዙ፤ ውጤቱንም ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ዋስትናችሁ ያ ደብተር ነው።

አሁን የምጽፈው እጄን የሚያንቀጠቅጠኝ ነው። ኤለመንቱ ሲበላ ስፓው ብሬከሩን መጣል ጀመረ። የላኩት ሠራተኛ ብሬከሩን አየና «ይሄ በጣም ስሜተኛ ነው፣ አልፈነው በቀጥታ እናገናኘው» አለኝ። ያ 30 ሚሊአምፔር የሆነ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ነው። የሚቆርጠው መብራቱ ወደ ውሃው እየፈሰሰ ስለሆነ ነው። እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ እናቴ ውሃው ውስጥ ናቸው። ማንም ሰው፣ የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ቢሆን፣ ይህን መከላከያ ላልፈው ካላችሁ ከግቢያችሁ አስወጡት።

ለጥገና እየጠራችሁ ገንዘብ እንዳታፈሱም ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ማሽኑ የፍሰት ስህተት (ውሃ በበቂ አያልፍም የሚል ምልክት) ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ማጣሪያው ቆሽሿል፣ ቅጠል መያዣው ቅርጫት ሞልቷል፣ ወይም ውሃው ከመሳቢያው አፍ በታች ወርዷል። እኔ ማጣሪያ ላሳጠብኩበት የሙሉ ጥገና ሒሳብ ከፍያለሁ። ከማሽኑ ሥር ውሃ ሲጠራቀም ደግሞ «ቱቦው ፈነዳ» ቢሏችሁ የመመርመሪያውን ወረቀት ውሃው ውስጥ ንከሩት። ውሃው ክሎሪን ከሌለው ከአየር የወረደ ጤዛ ነው፤ ማሽኑ በደህና እየሠራ ነው።

ከማሽኑ የወጣው ውሃ ከገባው የሚለየው በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ቢሆን አትደንግጡ። በሰዓት 6 ሜትር ኪዩብ እያለፈ 6 ኪሎዋት ሲሰጠው ልዩነቱ 0.9 ዲግሪ ያህል ነው።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይግባ፦ አየሩ 15 ዲግሪ ሲሆን የሚሰጠው ኪሎዋት፣ ፓምፑ በቀን የሚሠራበት ሰዓት፣ ሽፋኑ ከሚጠቀለልበት ዘንግ ጋር። «እስከ 28 ዲግሪ» የሚለውን ቃል አትቀበሉ፤ 19ም «እስከ 28» ውስጥ ነው። የርክክቡን ወረቀት የተከሉ ዕለት አትፈርሙ። ጠዋት የውሃውን ሙቀት ጻፉ፣ ገንዳውን ሸፍኑ፣ 24 ሰዓት ያሠሩት፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ለኩ። እንደ እኔ ያለ ገንዳና 6 ኪሎዋት ከሆነ 2 ዲግሪ ገደማ መጨመር አለበት። ካልጨመረ ቀሪውን ክፍያ ያዙ፤ እኔ ያን ዕለት ፈርሜ ከፍዬ ስለነበር የምይዘው አልነበረኝም።