ከብዙ ኪሎ ቅነሳ በኋላ የቆዳ ሰርጀሪ፦ ባንዴ ወይስ በየተራ?

40 50 ኪሎ ከቀነሳችሁ በኋላ ሆድ፣ ክንድና ጭን ላይ የሚንጠለጠለው ቆዳ በስፖርት አይሄድም። ሰርጀሪ ካሰባችሁ ክብደታችሁ ቢያንስ 6 ወር ይርጋ፣ ይሄ ሁሉንም ቦታ ባንዴ ለሚያሰራም በየተራ ለሚያሰራም ነው።

ወጪ፦ ባንዴ ሲሆን የማደንዘዣና የኦፕሬሽን ክፍል ክፍያው አንዴ ነው፣ ከስራም አንዴ ነው የምትቀሩት። በየተራ ሁሉም ይደገማል።

ሪስክ፦ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ኦፕሬሽኑ ሲረዝም በተለይ ከ6 ሰዓት ሲያልፍ ደም መፍሰሱም እግር ላይ ደም መርጋቱም ይጨምራል፣ የረጋው ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ይገድላል። ኪሎ ለመቀነስ የጨጓራ ሰርጀሪ የተሰራ ሰው ብዙ ጊዜ አይረንና ፕሮቲን ያንሰዋል ስለዚህ ብዙ ቁስል ባንዴ መዳን ይከብደዋል። በየተራ ሲሆን በመሀል ያሉት ወራት ሰውነትን ያሳርፉታል፣ ሀኪሙም በሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ያስተካክላል።

ማገገም፦ ሆድና ክንድ አብሮ ከተሰራ ከአልጋ ለመነሳት እንኳ ሰው ያስፈልጋል፣ ህፃን ያላት እናት በደንብ ታስብበት።

ጤነኛ፣ የማያጨስ፣ ቤት ውስጥ አስታማሚ ያለው ሰው ሁለት ቦታ ባንዴ ቢሰራ ያዋጣዋል። ስኳር ወይ ደም ማነስ ያለበት፣ ወይም ሙሉ ሰውነት የሚፈልግ በየተራ ይሻለዋል። ቱርክ ወይ ህንድ ለምትሄዱ፦ ረጅም በረራም ደም የመርጋት አደጋውን ይጨምራል፣ ለአንድ ትኬት ብላችሁ አራት ቦታ ባንዴ አታሰሩ።