የቴፍሎን ነዳጅ ቱቦ በሮታክስ ሞተር ላይ፦ ከዓመት በላይ በርሬበት ያየሁት

እዚህ አሜሪካ ጋራዤ ውስጥ የገጣጠምኳት አውሮፕላን ዜኒት ሲኤች 750 ናት፤ ሞተሯ ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ። ሮታክስ የላስቲክ ቱቦዎች በየ5 ዓመቱ እንዲቀየሩ ያዛል። ጊዜው ሲደርስ ላስቲኩን በላስቲክ መተካቱን ትቼ፣ በልክ የተሠራ የቴፍሎን ቱቦ አስገባሁ። ላዩ በማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠለፈ ነው፤ ከዚያ በላይ እሳት የሚከላከል ልባስ አለው።

የምሞላው ከመኪና ማደያ ነው፤ ቤንዚኑ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ላስቲክ ከዓመታት በኋላ እየደረቀ ይሰነጠቃል፣ ፍርፋሪውም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ይገባል። ቴፍሎንን ኢታኖል አይነካውም። ስትገዙ ግን ውስጡ ካርበን የተቀላቀለበት ጥቁሩን ጠይቁ። ነጩ ነዳጅ ሲያልፍበት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያጠራቅማል፤ ያ ቻርጅ ሲፈነጥቅ ቱቦውን በመርፌ እንደተወጋ ሊበሳው ይችላል።

«አሉሚኒየም ቧንቧ አይሻልም ወይ?» የሚለኝ ብዙ ሰው ነው። ከታንከር እስከ ሞተሩ ግድግዳ (ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል እስከሚለየው) ድረስ እኔም የተጠቀምኩት እሱን ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ሞተሩ ጋ ግን አይሆንም፦ ንዝረቱ አንገቱ ላይ ይሰነጥቀዋል፣ እሳት ከተነሳ ደግሞ ቶሎ ይቀልጣል። የብረት ሽቦውም ቢሆን ብቻውን አያድንም፤ ውስጡ ያለው ቴፍሎን 327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ጊዜ የሚገዛላችሁ ልባሱ ነው። የአቪዬሽኑ መለኪያ 1,093 ዲግሪ ነበልባል ውስጥ 5 ደቂቃ መቋቋም ነው፤ ነዳጁን ዘግቶ ማረፊያ ለመፈለግ ማለት ነው። የልባሱን ጫፎች በሲሊኮን ማሸግ አትርሱ፤ ካልታሸጉ ዘይት ይመጥጣሉ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቱቦው ግትር ነው። የሮታክስ ካርቡራተሮች የተሰቀሉት በላስቲክ መያዣ ላይ ስለሆነ ከሞተሩ ጋር ይወዛወዛሉ፤ ግትር ቱቦ ሲጎትታቸው ጫናው መያዣው ላይ ያርፋል። በዓመታዊው ፍተሻ በግራ በኩል ያለው መያዣ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። ምክንያቱ ቱቦው ብቻ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን የቀኙ ቱቦ ረዘም ያለ ነው፣ የቀኙ መያዣ ደግሞ ደህና ነው። ሌላው ችግር ልባሱ ነው፤ ከሥሩ ትንሽ ማፍሰስ ቢጀምር አይታይም። ስለዚህ ኮፋኖውን በከፈትኩ ቁጥር ጫፎቹን በጣቴ እዳስሳለሁ፣ አሸታለሁም። ለፍተሻ ስትፈቱትም ጠማማውን ለማቃናት አትሞክሩ፤ የለመደውን ቅርፅ ይዟል፣ ከታጠፈ አበቃለት።

በበጋ ሞተር ጠፍቶ ሙቀቱ ኮፋኖ ውስጥ ሲታመቅ፣ ቤንዚን ቱቦ ውስጥ እንዳይተን ልባሱ ትንሽ ይረዳል። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እንፋሎቱን ወደ ታንከር የሚመልሰው መስመር ነው።

ዋጋው ከላስቲኩ ብዙ እጥፍ ነው። ከፓምፑ በፊት ላሉት መስመሮች ዳግም እከፍልበታለሁ። ለካርቡራተሮቹ የመጨረሻዋ አጭር መስመር ግን በልባስ የተሸፈነ፣ ኢታኖል የሚችል ላስቲክ መልሼ በየ5 ዓመቱ ልቀይር ወስኛለሁ።