የቤት ቢራ መጥመቂያ ዕቃ በደብረ ማርቆስ፦ በሁለት ጠመቃ የተፈተነ

ዘመዴ ከውጭ አገር ሲመጣ ይዞልኝ የመጣው የቢራ መጥመቂያ ካርቶን ላይ በትልቁ «ላገር» የሚል ተጽፏል፤ በብርድ ቀስ ብሎ የሚብላላ የቢራ ዓይነት ነው። በውስጡ 30 ሊትር የሚይዝ ባለ ቧንቧ የፕላስቲክ ባልዲ፣ በክዳኑ ላይ የሚሰካ የጋዝ ማስተንፈሻ፣ የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ የሚለካ ሃይድሮሜትር፣ በባልዲው ጎን የሚለጠፍ ቴርሞሜትር፣ ባለ ሁለት እጀታ የቆርኪ መግጠሚያ፣ መቶ ቆርኪ፣ አንድ ከረጢት የማጽጃ ዱቄት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው 1.7 ኪሎ የሆኑ ሁለት ጣሳ የብቅል ሽሮፕ ከነእርሾአቸው ነበሩ። ሁለቱንም ጣሳ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤቴ ጠምቄ ስለጨረስኩ፣ ዕቃውን ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ቢያውቀው የምለውን እዚህ እጽፋለሁ።

ከሽሮፑ ልጀምር፤ ከሁሉም የወደድኩት እርሱን ነው። ከገብስ ብቅል ወጥቶ፣ ውሃው ተንኖ እንደ ማር እስኪወፍር የደረሰ ሲሆን የሆፕ ምሬትም አስቀድሞ ገብቶበታል። ሆፕ በቢራ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ጌሾ በጠላ ውስጥ ከሚሠራው ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ጣሳውን የከፈተ ሰው ጌሾውም ብቅሉም ያለቀለት ጥንስስ እንደተሰጠው ይቁጠረው። ሲከፈት የሚወጣው ሽታ አሻሮ ሲታመስ ቤቱን የሚሞላውን ሽታ ያስታውሳል፣ ጭሱ ብቻ የለበትም። መመሪያው ሽሮፑን በፈላ ውሃ በጥብጦ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ጨምሮ፣ እስከ 23 ሊትር በቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ እርሾውን ከላይ መነስነስ ነው የሚለው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ቅሬታዬ በእርሾው ላይ ነው። ላገር ላገር የሚሆነው በቀዝቃዛ ቦታ፣ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ቀስ ብሎ በሚሠራ እርሾ ሲብላላና ከዚያም ለሳምንታት በብርድ ሲቀመጥ ነው፤ ቃሉም ራሱ ከጀርመንኛ የመጣና ማከማቻ ማለት ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያገኘሁት 6 ግራም እርሾ ግን መመሪያው ራሱ እንደሚለው ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚሠራ ነው። እንዲህ ባለ ሙቀት የሚሠራ እርሾ የላገር እርሾ አይደለም፤ አምራቹ «ላገር» ብሎ የሸጠው ቀለሙንና ምሬቱን እንጂ አጠማመቁን አይደለም።

ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ጣሳ በሚያዝያ ወር ጠመቅሁ። በኋላ ሳነብ እንዳገኘሁት፣ በባቫሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1553 የወጣ ድንጋጌ ከሚያዝያ 23 ቀን እስከ መስከረም 29 ቀን ድረስ ቢራ መጥመቅን ይከለክል ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን በእነርሱ ዘንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። ምክንያቱ የበጋቸው ሙቀት ቢራውን ስለሚያበላሸው ነበር። እኔም ልክ እነርሱ ጋናቸውን በሚከድኑበት ሰሞን መጀመሬ ነው። የባልዲው ቴርሞሜትር 24 ዲግሪ አሳየ፤ ማስተንፈሻው ሌሊቱን ሙሉ ሲንቦጫረቅ አድሮ በአራተኛው ቀን ጸጥ አለ። ሃይድሮሜትሩ ከ1.039 ወርዶ 1.008 ላይ ቆመ፤ ይህም ወደ 4 በመቶ የአልኮል መጠን ማለት ነው። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ጣዕሙ ቀጭን ነበር፣ ሽታውም የበሰለ ሙዝ። ጠላ በመጥመቅ ያረጁት አክስቴ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ብርጭቆውን አስቀመጡና «ገና ነው ይሄ። ምን አስቸኮለህ ልጄ?» አሉኝ።

የአሞላሉ መመሪያም ከእኛ አገር ጠርሙስ ጋር አይስማማም። በጠርሙሱ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጠር አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩ ይላል፤ ይህ የታሰበው ግን ለ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው። በእጄ ያሉት ሦስት ሳጥን ባለ 330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙሶች ስለነበሩ በየአንዳንዱ ላይ ከሚገባው እጥፍ በላይ ስኳር ጨመርኩ። የመጀመሪያውን ስከፍት አረፋው ኮርኒሱን ነካ፤ ሁለት ጠርሙሶች ደግሞ ማንም ሳይነካቸው ሳጥኑ ውስጥ ፈነዱ። የፈነዳ ጠርሙስ ስባሪ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ይህ በቀላሉ የሚታይ ጉድለት አይደለም። መፍትሔው ስኳሩን በየጠርሙሱ መስፈር ትቶ፣ ለአንድ ሊትር 6 ግራም ያህል መዝኖ፣ በጥቂት ውሃ አፍልቶና አቀዝቅዞ፣ ከአተላው ከተለየው ቢራ ጋር በአንድ ጊዜ ማዋሐድ ነው።

ሁለተኛውን ጣሳ እስከ ታኅሣሥ አቆየሁት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የጓዳዬ ወለል በዚያ ወር ጎህ ሲቀድ 13 ዲግሪ ነው፤ ሰዎች በሌላ አገር በማቀዝቀዣ የሚገዙትን ብርድ እኛ ዘንድ ሌሊቱ በነጻ ይሰጣል። ባልዲውን ውሃ በያዘ ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ፣ ጎኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ቀን ቀን ውሃ ሞልቼ ያቀዘቀዝኳቸውን ሁለት ሃይላንድ በሳፋው ውስጥ እያቀያየርኩ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ላይ አቆየሁት። የካርቶኑን እርሾ ጥዬ፣ ያው ዘመዴ በሌላ መንገደኛ የላከልኝን ደብሊው-34/70 የተባለ ደረቅ የላገር እርሾ ተጠቀምኩ። በቀዝቃዛ ሙቀት እርሾ በዝቶ መግባት ስላለበት ባለ 11.5 ግራሙን ሁለት እሽግ ጨመርኩ።

ስኳሩንም አስቀረሁት። አክስቴ ለጠላ ካበቀሉት የገብስ ብቅል ሁለት ኪሎ ሸርክት አስፈጭቼ፣ በ66 ዲግሪ ውሃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፌ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ፣ ጭማቂውን አንድ ሰዓት አፍልቼ ከሽሮፑ ጋር ቀላቀልኩና መጠኑን 20 ሊትር ላይ አቆምኩ። በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢፈላም ለዚህ ሥራ አላነሰም።

በማጽዳቱ ጉዳይ ከአክስቴ ጋር ትንሽ ተከራከርን። ባልዲውን በግራዋ ፈትገው በወይራ ሊያጥኑልኝ ፈልገው ነበር። «እታለም፣ ይሄ ሸክላ አይደለም፤ ፕላስቲክ ሲፈተግ ይቧጨራል፣ በጭረቱ ውስጥም ተሐዋስያን ይደበቃሉ» ብዬ አስቀረኋቸው። የካርቶኑ ማጽጃ ዱቄት ለአንድ ጠመቃ ብቻ የሚበቃ ስለነበር በሁለተኛው ጊዜ በውሃ የቀጠነ በረኪና ተጠቅሜ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁት፤ በረኪናው በደንብ ካልለቀቀ ቢራው የመድኃኒት ጣዕም ይይዛል።

በዚህኛው ጠመቃ ማስተንፈሻው መንቦጫረቅ የጀመረው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እርሱም በየጥቂት ሰከንዱ አንዲት አረፋ ብቻ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ናሙና ስቀዳ የለጋ ቅቤ ሽታ ገጠመኝ። በላገር ዘንድ የታወቀ ነው፤ እርሾው ራሱ መልሶ እንዲበላው ባልዲውን ወደ ማድቤቱ ሙቀት፣ 17 ዲግሪ ገደማ፣ አምጥቼ ሦስት ቀን ባቆየው ሽታው ጠፋ። ሃይድሮሜትሩ ከ1.042 ተነሥቶ 1.011 ላይ አረፈ። አልኮሉ ከመጀመሪያው ጋር ይተካከላል፤ በአፍ ውስጥ ያለው ክብደት ግን ሌላ ነው።

ጠርሙሶቹ ጋዝ እስኪይዙ ሁለት ሳምንት በጓዳ ቆዩና ወደ ማቀዝቀዣ ገቡ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አክስቴ እስከ ፋሲካ መጠጥ እንደማይቀምሱ ስላወቅሁ እኔም አብሬ ታገሥኩ፤ መብራት እየጠፋ ቢያሳስበኝም 55ቱ የጾም ቀናት ለላገር የሚገባውን ዕረፍት ሰጡት። በፋሲካ ማግሥት የተቀዳው ቢራ ከብርጭቆው ወዲያ ያለውን እጅ የሚያሳይ፣ አረፋው ነጭና ቶሎ የማይወርድ፣ መጨረሻው ደረቅ ያለ ነበር። አክስቴ ብርጭቆውን ሳያስቀምጡ ጨርሰው «አሁን ጠለለ» አሉ።

ባልዲው፣ ሃይድሮሜትሩና ሽሮፑ ጥሩ ናቸው፤ እርሾውና የመመሪያ ወረቀቱ ግን ቢጣሉ አይቆጭም። ጣሳው በየጠመቃው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ አንድ ሳጥን ቢራ ከሱቅ መግዛት ይረክሳልና ገንዘብ ለመቆጠብ የሚፈልግ ሰው አይድከም። ባሕር ዳር ወይም ሌላ ሞቃት ቦታ ያለ ሰውም ማቀዝቀዣውን ሙሉ ለሙሉ ለባልዲው ካልለቀቀ ላገርን አያገኘውም። የቆርኪ መግጠሚያው አንዱ እጀታ ከአርባኛው ጠርሙስ በኋላ ላልቶብኝ ቀሪውን በሽቦ አስሬ ነው የጨረስኩት።