ልጄ 15 ትጠጣለች፣ ፓኬቱ 25 ይላል

ሐኪሙ "ወተትሽ ላይ ፎርቲፋየር እንጨምርበታለን" ሲለኝ ሆድ ባሰኝ። ፎርቲፋየር ማለት ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በታለበ የእናት ወተት ላይ የሚጨመር ማበልጸጊያ ነው። የሰማሁት "ወተትሽ አይረባም" የሚለውን ነበር። ሌሊት ሳይቀር በየ3 ሰዓቱ እየተነሳሁ የማልበው፣ ጠብታ እንዳይቀር ጠርሙሱን ዘቅዝቄ የምጠብቀው ወተት እኮ ነው!

ልጄ በ29 ሳምንቷ ነው የተወለደችው። 1,180 ግራም። ማሞቂያ ውስጥ ሆና በአፍንጫዋ በገባች ቀጭን ቱቦ ትመገብ ነበር። እንገሩን በሲሪንጅ፣ ጠብታ በጠብታ አገኘች። እስከዚያ ድረስ ወተት ወተት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ነገሩን ያስረዳችኝ አንዲት ሲስተር ናት። "ነይ እስኪ፣ እናት" ብላ በመዝገቡ ጀርባ ላይ ደመረችልኝ። የእናት ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ያለው ፕሮቲን 1 ግራም ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ልጅቷ ሙሉ ምግብ ላይ ስትደርስ በቀን በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ያህል ትወስዳለች። ስለዚህ በኪሎ 2 ግራም ገደማ። የሚያስፈልጋት ግን ከ3.5 እስከ 4 ግራም ነው። "ታዲያ ወተቱን ለምን አትጨምሩላትም?" አልኳት። አውራ ጣቷን አሳየችኝ። "ጨጓራዋ ይቺን ታክላለች።"

ካልሲየምና ፎስፈረሱም እንደዚሁ ነው። አብዛኛው ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእርግዝናው የመጨረሻ 3 ወራት ነው። የኔ ልጅ ደግሞ ያንን ጊዜ ማህፀን ውስጥ አልነበረችም። ወተቴ ላይ ችግር የለም። ወተቱ የተሰራው ጊዜውን ጠብቆ ለሚመጣ ልጅ ነው፣ እሷ ቀድማ መጣች።

አሁን ወደ ዱቄቱ። እኛ የተሰጠን ከላም ወተት ፕሮቲን የተሰራ፣ በትንንሽ ፓኬት የሚመጣ ነው። አንዷ ፓኬት ለ25 ሚሊ ሊትር ወተት። 4 ፓኬት ለ100 ሚሊ ሊትር ሲሆን 1 ግራም ያህል ፕሮቲንና 14 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይጨምራል፤ ማዕድንና ቫይታሚንም አለው። ምግቧ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት በግማሽ፣ ማለትም አንድ ፓኬት ለ50፣ ከዚያ ወደ ሙሉው አለፍን።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ልጄ በዚያን ጊዜ በቀን 120 ሚሊ ሊትር፣ ለ8 ተካፍሎ በአንድ ጊዜ 15 ነበር የምትወስደው። ፓኬቱ ደግሞ 25 ይላል። በግምት እንዳይከፈል መጠኑ ይዛባል። በየምግቡ 25 ተበጥብጦ 15 ይሰጣታል፣ የሞቀው 10 ይደፋል። 8 ጊዜ 10፣ 80 ሚሊ ሊትር! ለኔ ያ ማለት ሁለት ጊዜ ታልቦ የሚገኝ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲንኩ ላይ ሲደፋ እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ያቺው ሲስተር መላውን አመጣች። የቀኑን 125 ሚሊ ሊትር በአንዴ በ5 ፓኬት በጥብጦ ፍሪጅ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በየምግቡ ሰዓት 15 እየቀዱ ማሞቅ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስ። የተረፈው 5 ብቻ! ይህን በፓኬቱ ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት? በአጉሊ መነጽር የሚነበብ ጽሑፍ ሞልተውበታል፣ ዋናውን ረስተውታል።

ሁለተኛው፣ ይጓጉላል። ከፍሪጅ በወጣ ቀዝቃዛ ወተት ላይ ስትነሰንሰው ነጭ እብጠቶች ይሆንና ጠርሙሱ ጎን ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈው ሁሉ ለልጅቷ አልደረሰም ማለት ነው። ወተቱ ትንሽ ለብ ሲል ቀስ እያሉ ማዞር ነው መፍትሄው፤ መናጥ አይደለም። ንጽሕናውም አያስተኛም፤ ዱቄቱ ከጀርም ነጻ የሆነ ምርት ስላልሆነ የሚበጠበጥበት ቦታና እጅ ወሳኝ ነው። ከጀርም ነጻ የሆነ ፈሳሽ ዓይነትም አለ፤ ምርጫው በእጄ ቢሆን እሱን እወስድ ነበር።

ውጤቱስ? በፊት ሚዛኑ በቀን 8 ግራም ጭማሪ፣ አንዳንዴም ዜሮ ያሳይ ነበር። ሙሉ መጠኑ ላይ ከደረስን በኋላ ባለው ሳምንት 18፣ 22፣ 24 ማለት ጀመረ። በቀን በኪሎ ከ15 እስከ 20 ግራም ሲጨምሩ ነው ጥሩ የሚባለው፤ እዚያ ገባን ማለት ነው። የጭንቅላቷን ዙሪያ በየሳምንቱ ሲለኩ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማየው። ሰገራዋ ወፈር አለ፤ ሆዷም አንድ ቀን ስለተነፋ ምግቡን ቀንሰው አዩትና ቀጠልን።

አንዲት ጓደኛዬ በ35 ሳምንት ወልዳ "እኔም ልግዛ እንዴ?" አለችኝ። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር ይህ ለሁሉም ያለጊዜው ለተወለደ በዘልማድ የሚሰጥ አይደለም፤ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ወይም ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆኑ ሊታሰብ ይችላል ነው የሚለው። ደግሞም የዱቄት ወተት አይደለም፤ ብቻውን በውሃ አይበጠበጥም። ሐኪም ያዘዘው፣ ባዘዘው መጠን፣ በቃ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለፓኬቱ ነው፤ የ10 ሚሊ ሊትር ፓኬት ሲሰሩ እመልሳታለሁ።