ጊምፕ፦ የአያቴን ንቅሳት ያልነካ የፎቶ ማደሻ

ጊምፕ (GIMP) ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ነው። በነፃ ይወርዳል፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የሰው ፊት አይቀይርም። ጊምፕን ለአሮጌ የቤተሰብ ፎቶ የምመርጠው በተለይ ለመጨረሻው ነው።

የአጎቴ ልጅ የአያታችንን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስልኳ ላይ ባለ «በአንድ ንክኪ» የሚያሳምር መተግበሪያ አሳለፈችው። ቆዳዋ ጠራ፣ ዓይኗ በራ፤ ግንባሯ ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት ግን ድራሹ ጠፋ። ጭረት መስሎት ጠርጎታል! አክስቴ አይታ «ቆንጆ ናት፤ የማን ልጅ ናት?» አለች። እንዲህ ያሉት መተግበሪያዎች የደበዘዘውን ፊት አያጠሩትም፤ ከተማሩባቸው ብዙ ፊቶች ተነስተው አዲስ ፊት ይሥላሉ።

ጊምፕ ላይ ሥራው የእጅ ነው። «ሂል» የሚባለውን መሣሪያ ትይዛላችሁ፣ ኮንትሮልን ተጭናችሁ ደህናውን ቦታ ትነካላችሁ፣ ከዚያ ጭረቱ ላይ ትቀባላችሁ። ከዙሪያው ብርሃንና ጥላ ጋር ራሱ ያስማማዋል። የእኛ ፎቶ መሃል ለመሃል ታጥፎ ነጭ መስመር ወጥቶበታል፤ የዝንቡን ነጠብጣብማ ተዉት። የስቱዲዮው መጋረጃ ላይ ሂል ሁሉንም ድምጥማጡን አጠፋው። ነጠላው ከጨለማው መጋረጃ ጋር የሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ ግን ነጩንና ጥቁሩን ያደባልቃል፤ እዚያ «ክሎን» ይሻላል፣ የነካችሁትን እንዳለ ስለሚገለብጥ። ጥለቱን አጉልታችሁ፣ በትንሽ ብሩሽ፣ ክር በክር። ፊቷ ላይ ከእጥፋቱ በቀር ምንም አልነካሁም።

በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.0 እትም ደስ ይላል፤ ብርሃኑን በ«ከርቭስ» ካስተካከላችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ተመልሳችሁ ማረም ትችላላችሁ። በፊት ለውጡ ከፎቶው ጋር ተዋህዶ ይቀር ነበር።

ስካኑ ከተበላሸ ግን ጊምፕም ምንም አያደርግ። ለመደበኛ ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት)፣ ለትንሽ ጉርድ 1200፤ በቲፍ (TIFF) የፋይል ዓይነት አስቀምጡት፣ ጄፔግ (JPEG) የሚባለው እየታረመ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተጣበቀ አትላጡት፣ ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለጀማሪ ሜኑው ስለሚበዛና ኮምፒውተር ግድ ስለሚል ነው። ኮምፒውተር የሌላችሁ ፎቶ ቤት ስትወስዱ ያልተነካውን ስካን በፍላሽ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፣ «ፊቱን እንዳትነኩብኝ» ማለትም አትርሱ።