መሃል ከተማ የሚከፈልበት ፓርኪንግ፣ አንድ ዓመት ከተጠቀምኩበት በኋላ፦ ከ5 ኮከብ 3

መሃል ከተማ መኪና ማቆም በክፍያ ከሆነ አንድ ዓመት አለፈው፣ እኔም በየቀኑ ማለት ይቻላል ስጠቀምበት ስለከረምኩ እስቲ ልመዝነው ብዬ ነው። ሲጀመር ከተንጫጩት አንዷ ነበርኩ። አሁን ክፍያውን ለምጄዋለሁ፣ ያልለመድኩት ሌላ ነገር ነው፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ድሮ በነፃ ነበር ይባላል፣ ነፃ የሚሆነው ግን ቦታ ካገኘሽ ነው። ገና በጠዋቱ ባለሱቆቹና ሰራተኞቻቸው ራሳቸው በራቸው ላይ ያቆሙና እስከ ማታ ንቅንቅ የለም፣ ከዛ ደንበኛ ጠፋ ብለው ያማርራሉ፣ ደንበኛውማ ሶስቴ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ወደቤቱ ሄዷል! አሁን ዋናው መንገድ በሰዓት ስለሚቆጥር ውሎ የሚያቆመው ሁሉ ከኋላ ወዳለው ርካሹ ሜዳ ሄደ፣ አምስት ደቂቃ በእግር ቢሆን ነው። እኔም ስደርስ አንድ ሁለት ክፍት ቦታ አላጣም። ፓርኪንግን ሲያጠኑ የኖሩት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ስንት ዓመት ሙሉ ሲወተውቱ የነበረው ይሄንኑ ነው፣ ከ100 ቦታ 85 አካባቢው ተይዞ የቀረው ክፍት እንዲሆን ዋጋውን ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ ሁሌ ሞልቶ ከተገኘ ረክሷል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ ተወዷል። የመጀመሪያው የፓርኪንግ ሜትር፣ ማለትም ሰዓት እየቆጠረ የሚያስከፍለው ማሽን፣ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ የተተከለው በዚሁ ጣጣ ነው፣ ሰራተኛው መንገዱን ይዞት ስለሚውል ገበያተኛው ማቆሚያ አጥቶ። 90 ዓመት አንድ ዓይነት ጭቅጭቅ በሉት።

ማሽኑ ላይ ስንመጣ ግን ወይ ጉድ። ፀሐይ ስትወጣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የራስሽ ፊት ነው፣ ታርጋ የሚገባበት ፊደል ተፍቆ አልቋል፣ ደረሰኙ ደግሞ ከመደብዘዙ የተነሳ ሰዓቱ አይነበብም። አንድ ቀን ከፍዬ፣ ደረሰኙን መስታወቱ ስር አስቀምጬ፣ ስመለስ የቅጣት ወረቀት መጥረጊያው ስር ተሸጉጧል! አንድ ቁጥር ተሳስቼ ነው ያስገባሁት ለካ። ይግባኝ ብዬ ተሰረዘልኝ፣ ግን ስድስት ሳምንት ፈጀ። በስልክ ክፈሉ ይላሉ፣ ስልኩ ባትሪ ከዘጋስ? ባለፈው ከኋላዬ የቆሙ አንድ አባት «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ንኪልኝ» ብለውኝ ሳንቲም በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ፣ ማሽኑ ሳንቲም አይቀበልማ። አንድ ሰው ቆሞ ቢያግዝ ምን ነበረበት?

ዋናው ቅሬታዬ ግን ብሩ የት እንደሚገባ ነው። መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ጠየቅኳት፣ «ገቢ ይሆናል» አለችኝ፣ በቃ። የከተማው ጠቅላላ ካዝና ውስጥ ገብቶ ሰመጠ ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦልድ ፓሳዲና የሚባለው የገበያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1993 ሜትር ሲተከልበት ባለሱቆቹ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፣ ከሜትሩ የሚገኘው ብር እዛው መንገዳቸው ላይ ለእግረኛ መንገድ፣ ለመብራት፣ ለጽዳት ይውላል ሲባሉ ነው እሺ ያሉት። ለትንሽ ከተማ ደግሞ ይሄ ይቀላል፣ መንገዱ ጥቂት፣ ሰዉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ፣ ብሩ የሰራውን ነገር በዓይኑ ያየዋል።

አሁን ደሞ ተበድረን ባለ ፎቅ ፓርኪንግ እንስራ የሚል ወሬ አለ። ኧረ ቀስ! አንዷ መኪና መተላለፊያዋን ጨምሮ ወደ 30 ካሬ ሜትር ትፈጃለች፣ ፎቅ ላይ ሲሆን ደግሞ የአንዱ ቦታ ወጪ ሜዳ ላይ ከሚወጣው ብዙ እጥፍ ነው፣ ብድሩን የሚከፍለው ያው እኛው ነን። መጀመሪያ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በየሰዓቱ ዞሮ ስንት ቦታ እንደተያዘ ይቁጠር። እኔ ራሴ ቅዳሜ ሳልፍ የቢሮዎቹ ግቢ ጭር ብሎ አየዋለሁ፣ ተነጋግሮ ኪራይ ከፍሎ በጋራ መጠቀም ሲቻል ምን ያስቸኩላል።

ሌላው የሚያስፈራኝ ለግል ድርጅት እንስጠው የሚሉት ናቸው። ጽዳቱን፣ ማሽን ጥገናውን በአጭር ኮንትራት ይስጡ፣ እሺ። ቺካጎ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ሜትሮቿን ለ75 ዓመት በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አከራየችና የከተማው ዋና ኢንስፔክተር በኋላ ሲያሰላው 974 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቀርቶባታል፣ በዛ ላይ መንገድ ለበዓል ስትዘጋ ለኩባንያው ካሳ ትከፍላለች። የራስን መንገድ ለመዝጋት ካሳ!

ስለዚ 3 ኮከብ፣ ሁለቱ ቦታ ስለማገኝ፣ አንዱ ይግባኜን ስለሰሙኝ። ማሽኑ ስር ያለችው የተነቀለች ንጣፍ፣ በየቀኑ የምታደናቅፈኝ፣ ከኛው ብር ከተተካች አራተኛውን መጥቼ እጨምራለሁ።